የሁለተኛው ኩሬ ውኃ

መርስዔ ኀዘን የተገኘው ማክሰኞ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት የሚወስደው መንገድ ወደ ሐይቁ ጠጋ በሚልበት ሥፍራ፣ እምቦጩ ውኃውን ሸፍኖ የብስ በሚያስመስልበት ጥግ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። አንዲት የደንገል ታንኳ አጠገቡ ተገልብጣለች። እምቦጭ ልትነቅል የወረደች ልጅ መጀመሪያ ያየችው ጥቁሩን የጎማ ቦቲ ነው። ቦቲውን ሁሉም ያውቀዋል። በዚያ ዳርቻ ክረምት ከበጋ ቦቲ የማያወልቅ ሰው እሱ ብቻ ነበርና።

ዋና ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ጥዑመ ልሳን ከከተማ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የማኅበሩ ወጣቶች ከዓሣ ኩሬዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሃያ አራት ናቸው፤ ከመካከላቸው የሚያለቅስ የለም። ፀሐይወርቅ በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ለቅሶ አይታለች። እንዲህ ድርቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ለሞተው ብቻ ሳይሆን ለራሱም እንደሚፈራ ታውቃለች።

የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እነዚህ ልጆች ሥራ ፈት ነበሩ። ገሚሶቹ ዲግሪያቸውን ይዘው በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ የከረሙ፣ ገሚሶቹ የአባቶቻቸው መረብ ባዶውን እየወጣ ያስቸገራቸው ናቸው። አንድ ላይ ያሰባሰባቸው የዓሣ ሀብት ባለሙያው መርስዔ ኀዘን ነበር። አራት ኩሬ በአካፋ አስቆፈራቸው። ጣናን ያነቀውን እምቦጭ እየነቀሉ በእጅ ጋሪ ወደ ላይኛው ጉድጓድ ወስደው እንዲያበሰብሱት፣ በብስባሹ ቲማቲም እንዲያለሙ፣ በፋጉሎና በፉርሽካ መኖ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ እንዲቀልቡ አስተማራቸው። ሐይቁን ሳንጎዳው ያኖረናል ይላቸው ነበር። እስካሁን ቲማቲሙ እንደምንም አቆይቷቸዋል። የመጀመሪያው ዓሣ የሚወጣው በመጪው ቅዳሜ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከተማው ዓሣ በሚፈልግበት ጊዜ ነው።

ሳጅን አዘዘ ነገሩን በራሱ ጨርሶ ጠበቃት። ይህ የማክሰኝት ሰው ቀልጣፋ ነው፤ ቅልጥፍናው ግን አንዳንዴ ከሐሳቡ ይቀድማል። የኩሬዎቹን የሌሊት ጠባቂ አያ ይትባረክን በካቴና አስሮ ከመኖ ማከማቻው ግድግዳ ሥር አስቀምጧቸዋል።

«ሰውየው በድንገት የሰጠመ አይደለም» አላት። «ማጅራቱ ላይ የጣት ሰንበር አለ። ሌሊቱን እዚህ ያደሩት ደግሞ ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ወንዝ ውስጥ ብርብራ ሲበትኑ ሟቹ ይዞ ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። ዛሬም ጎጇቸው ውስጥ የተፈጨ ብርብራ አገኘሁ፤ ኩሬው ውስጥ ዓሣ እየሞተ ነው ይላሉ።»

ብርብራ ዓሣ የሚያሰክር ፍሬ ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ፀሐይወርቅ ራሷን ነቀነቀችና ታንኳዋን እንዲያወጣት ብቻ ጠየቀችው።

አዘዘ ጫማውን አውልቆ ገባ። ታንኳዋን አቃንቶ ጫፏን ጎተተ፤ ከዚያም ብቻውን ትከሻው ላይ አድርጓት ወጣና ደረቁ መሬት ላይ አስቀመጣት። ፀሐይወርቅ የዘጌ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ከገዳም ገዳም እየተሻገሩ ዜማ ሲያስተምሩ፣ እሷ እግራቸው ሥር፣ የደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ታንኳዋን አየች፣ አዘዘን አየች።

ቀጥላ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ቦቲው ጠባብ ነው፤ የሱሪው ጫፍም ውስጡ ተወትፏል። ግራውን ቀስ ብላ አውልቃ፣ ይዞት የቀረውን ውኃ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። አረንጓዴ ነው። ጥቂት የፋጉሎ ፍርፋሪና ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት የሞተች የዓሣ ጫጩት አሉበት። በሌላ ሳህን ከሐይቁ ቀድታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የሐይቁ ውኃ ድፍርስ፣ ቡናማ ነው።

«እዚህ አልሞተም» አለች።

ወደ ኩሬዎቹ ወጣች። አራቱም በፍግ የዳበሩ ስለሆኑ ውኃቸው እንደ ጎመን ውኃ አረንጓዴ ነው። የሁለተኛው ኩሬ ጠርዝ ላይ ሣሩ ተፍቆ፣ ጭቃው የቦቲ ተረከዝ ተንሸራቶ የወረደበትን ቦይ ይዟል። አንድ ቀጭን የመስኖ ቦይ ከላይኛው የቲማቲም ማሳ ወርዶ የሚገባው እዚሁ ሁለተኛው ኩሬ ውስጥ ነው። ጥልቀቱን በዱላ ለካች። ከደረት አያልፍም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ርሆቦትን ነው። ርሆቦት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናት፤ የባሕር ዳር መምህራን ልጅ፣ ዲግሪዋን ይዛ አምስት ዓመት ሥራ ያጣች። በሟቹ ቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ አራት የመስታወት ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የኩሬ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በየብልቃጡ የየኩሬው ውኃና ሁለት ሁለት የዓሣ ጫጩት አለ። በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ሞተዋል።

ዓሣው መሞት የጀመረው ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንደሆነ ርሆቦት ነገረቻት፤ በቀን ሦስት፣ በቀን አራት። ሁሉም የሚጠረጥረው ጎረቤታቸውን ወልደ ገብርኤልን ነው፤ ጫቱን ጠዋት ማታ መርዝ ይረጨዋል።

«ሰኞ ከሰዓት መርስዔ ኀዘን ጠርቶ ‹ዓሣው አይሸጥም፤ የሁሉም ኩሬ ይቀበራል› አለኝ» አለች። «ውኃው ከኩሬ ኩሬ ይተላለፋል፤ የትኛው ንጹሕ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አለ። ለሆቴሎቹ ቃል ገብቻለሁ። ለልጆቹም ቃል ገብቻለሁ። ከየት መጣ ይሄ መርዝ ብዬ ስጠይቀው ‹ነገ በጽሑፍ ታገኚዋለሽ› ብሎ ዝም አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚያች ሰዓት ጠላሁት።»

ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ከተማ ሄዳለች፤ ስትወጣ ሟቹና ከማኅበሩ ልጆች አንዱ ኪዳነ ወልድ ዕቃ እያስገቡ ነበር። ዛሬ ጠዋት የተመለሰችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የባጃጁ ሾፌር ሁለቱንም ጉዞ መሰከረላት። እሷ ስትወጣ ፀሐይወርቅ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተች። የታሸገ ፖስታ አገኘች፤ ከፍታ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

ወልደ ገብርኤል በአጥሩ በኩል ቆሞ ነበር የጠበቃት። ሃምሳ ያለፈው፣ ቃል የማይመርጥ ሰው ነው።

«መርዝ እረጫለሁ፤ አልደብቅም» አላት። «ግን ማሳዬ ከኩሬያቸው በታች ነው። ውኃ ሽቅብ ሲፈስ አይተው ያውቃሉ? ሟቹንም ይኸንኑ ነገርሁት። ባለፈው ሳምንት መጥቶ መሬቱን ለካና ‹አጥፍቼያለሁ፣ ይቅር በለኝ› ብሎኝ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀኝን ሰው አልገድልም።»

አጥሩ ላይ ሦስት ታንኳዎች ተደግፈው ይደርቃሉ። አባቱ ታንኳ ሠሪ እንደነበሩ፣ እሱም ከልጅነቱ ደንገል ሲያስር እንደኖረ ነገራት። ትናንት አራት ነበሩ። የተገለበጠችው የእሱ ናት፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ስትደርቅ ሰንብታ ዛሬ ጠዋት አጣት።

ፀሐይወርቅ ተመልሳ ከአያ ይትባረክ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩአትም።

«ብርብራውን ለምን አስቀመጡት፣ አያ?»

«ይሄ የኩሬ ነገር ባይሳካ ብዬ ነው፣ ልጄ። ሆድ ተስፋ አይበላም።»

«መርስዔ ኀዘን አሳስሮዎት ነበር አሉ።»

«አሳሰረኝ። ስፈታ ደግሞ መጥቶ ይኼንን ሥራ ሰጠኝ። ሁለት ልጆቼ በረሃ ገቡ፤ አንደኛው በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ሥራ የሰጠኝን ሰው ገድዬ ምን ልበላ ነው?»

ስላዩት ጠየቀቻቸው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ሌሊቱን እንደ ልማዳቸው ከኩሬ ኩሬ ሲዞሩ አደሩ፤ ከጉማሬ በቀር የሰሙት የለም።

«ጠዋት ወደ ቤቴ ስሄድ ኪዳነ ወልድን አገኘሁት» አሉ። «ቀድሞ መጥቶ፣ እምቦጭ የሞላ ጋሪ እየገፋ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከብዶት ስለነበር ላግዝህ አልሁት። ‹ይተዉ አያ፣ ሌሊቱን ቆመው ነው ያደሩት› አለኝ። ደግ ልጅ ነው።»

ፀሐይወርቅ ተነሣች። ከዚያ አዘዘን ጠርታ፣ መንሽ ይዞ የላይኛውን የብስባሽ ጉድጓድ እስከ ሥሩ እንዲገለብጥ በጆሮው ነገረችው።

ኪዳነ ወልድ ቲማቲሙ መካከል ነበር። የዱርቤቴ ገጠር ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ፣ አባቱ ሞተውበት ትምህርቱን ጥሎ የወጣ። ታላቅ ወንድሙ ወደ ሊቢያ ሲሻገር በረሃ ቀርቷል። እናቱና ሁለት እህቶቹ የሚኖሩት በእሱ ነው። የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ መሆኗን ሲሰማ እጅ ነሳ፤ ስለ አባቷ ሲያወራ ፊቱ ለአፍታ በራ። ትናንት ማታ ርሆቦት እንደሄደች ወዲያው መውጣቱን፣ መርስዔ ኀዘንን ቢሮው ውስጥ ትቶት መሄዱን ነገራት።

ፀሐይወርቅ አንድ ቅጠል ገልብጣ አየች። በመንገዷ ያየችው የጎረቤት ቲማቲም ሁሉ በትል ተበሳስቷል። ይኼኛው አንዲት ቀዳዳ የለውም።

«በምን አዳንኸው?»

«በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ውኃ። ሌላ አይፈቀድልንም፤ ከዚህ የሚወርደው ውኃ ኩሬ ይገባል።»

«ጎረቤቶችህስ ነጭ ሽንኩርት የላቸውም?»

ኪዳነ ወልድ ጎንበስ ብሎ አረም መንቀሉን ቀጠለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆስፒታል የደወለው ሐኪም የጠረጠረችውን አረጋገጠላት። ሰውየው የሞተው ትናንት ከመምሸቱ በፊት ነው፤ ሳንባው ውስጥ ያለው ውኃም አረንጓዴ ነው። አዘዘ ከጉድጓዱ ያገኘውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞላት መጣ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በመኖ ማከማቻው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ወልደ ገብርኤልም ተጠርቶ መጣ። ፀሐይወርቅ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«መርስዔ ኀዘን የሞተው ሁለተኛው ኩሬ ውስጥ ነው» አለች። «ቦቲው የያዘው ውኃ የኩሬ ውኃ ነው፤ ጠርዙም ላይ የተንሸራተተበት አለ። ኩሬው ከደረት አያልፍም። ቢተዉት ቆሞ ይወጣ ነበር። ማጅራቱን የያዘው ሰው አለ። ይህ የሆነው ርሆቦት ከሄደች በኋላ፣ አያ ይትባረክ ሳይደርሱ፣ በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ሰዓት መካከል ነው።»

አዘዘ ሽማግሌው ምናልባት ቀድመው ደርሰው እንደሆነ ጠየቀ።

«ታንኳዋን ብቻህን ተሸከምሃት» አለችው። «ደንገል ውኃ ይጠጣል። ሌሊቱን ሐይቅ ላይ ያደረች ታንኳ ለአራት ሰው ትከብዳለች፤ ለዚህ ነው ባሕረኛ በወጣ ቁጥር አቁሞ የሚያደርቃት። ይህችኛዋ ዛሬ ጠዋት ነው ውኃ የነካችው። ሰውየው ማታ በታንኳ ወጥቶ የሰጠመ ለማስመሰል የፈለገ ሰው አኖራት፤ ያ ሰው ግን ታንኳ አያውቅም። አያ ይትባረክ በታንኳ ላይ ነው ያረጁት። ወልደ ገብርኤል የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው። ሁለቱም ይህን ስሕተት አይሠሩም። ብርብራው ደግሞ ዓሣ የሚጥለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት፣ አራት አይገድልም።»

ርሆቦት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ታንኳ እሷም አታውቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ርሆቦት አስከሬኑ ሲወሰድ አልነበረችም» አለች ፀሐይወርቅ። «ገዳዩ ማታውኑ ሊወስደው አልቻለም፤ ጠባቂው የሚደርሱበት ሰዓት ነበር፣ ሌሊቱንም ሲዞሩ አደሩ። ስለዚህ ከኩሬው አውጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ብስባሹ ሥር ደበቀው። ሲነጋ በጋሪ ጭኖ፣ እምቦጭ አልብሶ አወረደው። እዚህ ሁላችሁም እምቦጭ በጋሪ ትገፋላችሁ። ከሐይቅ ወደ ጉድጓድ፣ ከታች ወደ ላይ። የተነቀለ እምቦጭ መልሶ ወደ ሐይቅ የሚያወርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አያ ይትባረክ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያሉት ቃል ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው።

አዘዘ ጨርቁን ፈታው። የተሰበረ የመርስዔ ኀዘን መነጽርና የፀረ ተባይ ባዶ ጠርሙስ ነበሩ። ሃያ ሦስቱ ወጣቶች ወደ ኪዳነ ወልድ ዞሩ። እሱ አልሮጠም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ትሉ ቲማቲሙን ሊጨርሰው ነበር» አለ። «ዓሣው እስኪደርስ ያለን እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ብዬ ረጨሁ። ቆየና ዓሣው መሞት ጀመረ። ትናንት አወቀብኝ። ጾሙ እስኪገባ እንዲጠብቅ ለመንሁት፤ ቅዳሜ ይሸጥ፣ ከዚያ ጥፋቱን ተሸክሜ እሄዳለሁ አልሁት። ‹ሰው ይበላዋል፣ ኪዳነ› አለኝ። ሌላ አላለኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ ገፋሁት። ሊነሣ ሲል... እነዚህ ሁሉ በእኔ ምክንያት ሲበተኑ ታየኝ። እናቴ ታየችኝ። እጄን ሳነሣ አይነቃም።»

ፀሐይወርቅ ፖስታውን አወጣች። ልታነበው አልፈለገችም። ግን ስለ ሃያ አራቱም የተጻፈ ስለነበረ አነበበችው። መርስዔ ኀዘን ለበላዮቹ የጻፈው ነው። ኩሬው የተመረዘው በቂ ሥልጠና ባለመስጠቱ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የራሱ ብቻ እንደሆነ፣ ማኅበሩ እንዳይበተን፣ አዲስ ጫጩት እንዲሰጠው ይለምናል። የመጨረሻው መስመር «እኔ ከሥራዬ ብነሣም እነሱ እንዲቆዩልኝ» ይላል። ቀኑ የትናንት ነው።

«ስሜ የለበትም?» አለ ኪዳነ ወልድ።

«የለበትም።»

ሁለት እጁን ዘረጋ። አዘዘ ካቴናውን ከሽማግሌው ፈትቶ ለእሱ አጠለቀለት። መኪናው ሲንቀሳቀስ አያ ይትባረክ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተሉት። ከዚያ ቆሙ።

ዓሣውን በዚያው ቀን መቅበር ነበረባቸው። ርሆቦት የአራቱንም ኩሬ መልቀቂያ ዘጋች፤ ልጆቹ ከጫት ማሳው ርቀው፣ ከፍ ካለው ደረቅ መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። መረቡ ሲጎተት ቆሮሶው ወፍሮ፣ እያብረቀረቀ ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ አብዝተው ዓሣ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በሳፋ እየተሸከሙ ጉድጓዱ ውስጥ ደፉት።

ወሬው መንደሩን ለማዳረስ አልዘገየም። ሴቶች ሳፋና የማዳበሪያ ጆንያ ይዘው መጡ። ዓሣ እየተጣለ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። ልጆቹ መርዝ ነው ብለው ከጉድጓዱ ፊት ተሰለፉ። ሴቶቹ ወደ ጉድጓዱ አዩ፤ ዓሣው ገና ይንፈራገጣል።

«ይኼ ሕያው ነው» አለች አንዲቱ፣ ልጅ ያዘለች። «ለሆቴል ልትሸጡት ስትነሡ መርዝ አልነበረም። ለእኛ ሲሆን ነው መርዝ የሆነው?»

ርሆቦት ልትመልስላት አፏን ከፈተችና አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። ፀሐይወርቅ ደንብ ልብሷን እንደለበሰች በልጆቹና በሴቶቹ መካከል ገብታ ቆመች። ስለ ሞተው ሰው ነገረቻቸው፤ ይህ ዓሣ እንዳይበላ ብሎ እንደሞተ ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ አመኑ፤ አንዳንዶቹ እያጉረመረሙ ተመለሱ። ልጅ ያዘለችው ግን ኖራው ተበትኖ፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ባዶ ሳፋዋን ይዛ ቆማ ነበር።

መርስዔ ኀዘን በማግስቱ ተቀበረ። ከቀብሩ በኋላ ርሆቦት ወደ ኩሬዎቹ ተመለሰች። የተመረዘው ውኃ ፀሐይ እስኪያደርቀው ይቆይ፣ ጭቃው ተጠርጎ ይውጣ ብላ ነበር፤ አዲስ ጫጩት ይሰጣቸው አይሰጣቸው የሚያውቅ አልነበረም። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ መጡ። ርሆቦት ሌሎቹን ጥቂት ጠበቀቻቸው፤ ከዚያ ከቲማቲሙ ማሳ የሚወርደውን ቦይ እንዲደፍኑ አካፋዎቹን አውጥታ ለዘጠኙ አደለቻቸው።